እጇን እናክብር፦ የኢሉባቦር ሸክላ ማኒፌስቶ

በኢሉባቦር ጀበና የማይጣድበት ቀን የለም። በመቱም በጎሬም፣ በቡሬም በሁሩሙም፣ በያዮም በአልጌም ጠዋት አንዷ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብላ ስትጣራ ሌላዋ እሳት ልታስጭር ልጇን ትልካለች። አቦሉ ተቀድቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪወርድ ድረስ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ይነሣል፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይታሰባል፣ ለልጅ ሚስት ይፈለጋል። መሀል የተቀመጠችው ጥቁር ጀበና ናት። ያበጀቻት ሴት ግን ወደዚያ ረከቦት ዙሪያ ስትጠራ አይታይም። ዕቃዋ እቤት ገብቶ እሷ ደጅ ቀርታለች። እኛ ይህን ልናስቀር ተነሥተናል።

እኛ ማለት ሸክላ የሚሠሩ እናቶች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ በመንገድ ዳር ቡና አፍልተን ልጅ የምናሳድግ ሴቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች ነን። ማኅተምም ቢሮም የለንም። እምነታችን አንድ ነው፦ የኢሉባቦር ሸክላ በሕይወት የሚቆየው ምድጃ ላይ እስከዋለ ድረስ ነው፤ ምድጃ ላይ የሚውለውም ሠሪዋ እንደ ዕቃዋ ስትከበር ነው።

የያዮን የቡና ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል፤ ስፋቱ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ዛሬ ስለ ጫካ ቡናችን ሳይንቲስቱም ነጋዴውም ያወራል፤ ደስ ይለናል፣ ይገባዋልም። ነገር ግን ፍሬው ከዛፉ ስለወረደ ብቻ ቡና አይሆንም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል። ደኑን እንጠብቅ ስንል የኖርን ሰዎች ቡናውን የምታደርስልንን ጀበና ማን እንደሚጠብቃት አልጠየቅንም። ስለ ቡና የተጻፈው ቤተ መጻሕፍት ይሞላል፤ ስለ ጀበና ሠሪዎቻችን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ቡላ ዋዬሳ የተባሉት ምሁር የጎረቤታችንን የወለጋን የኦሮሞ ሸክላ ሠሪዎች አሠራር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ለእያንዳንዱ ወረዳችን ያስፈልጋል።

ሥራውን ቀርቦ ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አፈሩ ግን ከየትም አይዛቅም። ሸክላ ሠሪዋ ጉድጓዱን ከእናቷ ተምራ ነው የምታውቀው፤ የላዩን አፈር ገፍፋ፣ ከሥር ያለውን ያዝ የሚያደርግ ጭቃ በጣቶቿ እያሸች ትመርጣለች። ተሸክማ ታመጣዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ጠጠሩንና ሥሩን ትለቅማለች። ከዚያም የተሰበረ ዕቃ ገል አድቅቃ ትቀላቅልበታለች፤ ያለዚያ ዕቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። በአዲሱ ድስት ውስጥ አሮጌ ድስት አለ ማለት ነው። ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ያድርና በእግር ይረገጣል፣ በእጅ ይታሻል። መንኮራኩር የለም። በአንድ እጇ ከሥር እያዞረች በሌላው ታነሣዋለች።

ከሁሉ የሚከብደው ጀበና ነው። መጀመሪያ ሆዷ ይነሣል፤ ጥቂት ጠንከር ስትል አንገቷ ይቀጠላል፤ ከዚያ እጀታዋ፣ እንደየአካባቢው ልማድም መቅጃዋ ይከተላል። አንገቱ የሚቀጠልበት ጊዜ ነው ጣጣው። ሆዱ እርጥብ ከሆነ አንገቱን መሸከም አቅቶት ይሰምጣል፤ ከደረቀም አይያያዝም። መቼ እንደደረሰ የሚነግራት አውራ ጣቷ ነው፤ ጫን አድርጋ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ዕቃው ጥላ ላይ ለቀናት ይደርቃል፣ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። በመጨረሻ እንጨት ተነጥፎ፣ ዕቃው ተደርድሮ፣ ሣርና ኩበት ተከምሮበት ይቃጠላል። ቀልቶ የወጣው ጀበና ገና ትኩስ ሳለ በቅጠልና በሣር ጭስ ታፍኖ ይጠቁራል።

በእኛ አገር ደግሞ ዝናብ አለ። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ክረምታችን ገና በግንቦት ይጀምርና መስከረም ጠብቶም አይለቀንም። በደመና ቀን እሳት የለኮሰች ሴት የሳምንት ድካሟን በአንድ ዶፍ ልታጣው ትችላለች። ይህን ሁሉ አልፋ ነው በገበያ ቀን ጀበናዋን፣ ምጣዷንና ድስቷን በሣር ጠቅልላ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣው። ገዢው ጀበናዋን አንሥቶ በጣቱ ያንኳኳታል፤ ድምፁ ከጠራ ደህና ናት፣ ከታፈነ ስንጥቅ አለባት። ብልህ ገዢ ነው። ቀጥሎ ግን የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱንም ለማስቀነስ። ስሟን የሚጠይቅ የለም።

ስሟን የማንጠይቀው ረስተን አይደለም፤ ለምደነው ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ልጅ ከዓይኑ ተሸሽጓል፣ በማዕድ ከእሱ ጋር አልተቀረበም፣ ጋብቻም ተከልክሏል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ ንቀት በየብሔረሰቡ የየራሱ ስም አለው፤ ዛሬም ተነቅሎ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም መጣ፤ አዲስ ሕገ መንግሥትም ጸደቀና ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን በአንቀጽ 25 ደነገገ። ወረቀቱ ላይ የቀረ ነገር የለም። የቀረው በሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ በእድር መዝገብ ላይ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ነው።

ስለዚህ «ሸክላን የገደለው ፕላስቲክ ነው» የሚለውን ብቻውን አንቀበለውም። ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደ፤ እናቶቻችን ትንሽ ቀለላቸውና ለዚህ አናዝንም። አሉሚኒየም ድስትም ቶሎ ይፈላል፣ ወድቆ አይሰበርም። ነገር ግን ሽሮው በሸክላ ድስት ሲንተከተክ የሚኖረውን ጣዕም የማያውቅ ማን አለ? ገዢው አልጠፋም። የጠፋው ተረካቢው ነው። ልጅቷ የእናቷን ሙያ የምትሸሸው ጭቃውን ጠልታ ሳይሆን ከጭቃው ጋር የሚለጠፍባትን ስድብ ፈርታ ነው። የገበያን ችግር ነጋዴ ይፈታው ይሆናል፤ ይህኛው ግን የእያንዳንዳችን እጅ ያለበት ነው።

ይህን መንገድ ከእኛ ቀድሞ የሄደ ሕዝብ አለ። በጃፓን፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ ማሺኮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሸክላ ሥራዋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን ገበያዋ ማድ ቤት ነበር፤ ድስት፣ የውሃ ማሰሮ፣ የሻይ ማፍያ። የከተማው ሰው ወደ ጋዝ ምድጃና ወደ አሉሚኒየም ድስት ሲዞር ማሺኮ ገበያዋ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሾጂ ሀማዳ (1894–1978) የተባለ ሸክላ ሠሪ እዚያ ገብቶ ሠፈረ። ሀማዳ በቶኪዮ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሯል፣ በኪዮቶ በሸክላ ምርምር ጣቢያ ሠርቷል፣ በእንግሊዝ አገር በሴንት አይቭስ ከሸክላ ሠሪው ከበርናርድ ሊች ጋር የሸክላ ምድጃ ገንብቷል። ይህን ሁሉ አይቶ መኖሪያው ያደረገው የገበሬ መንደር ነው። ጭቃውን ከአካባቢው ይወስድ ነበር፤ የዕቃውንም ልባስ በአካባቢው ከሚገኝ አመድና ድንጋይ ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 አገሩ ሕያው ብሔራዊ ሀብት ብላ ሰየመችው። ዛሬ በማሺኮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸክላ ሠሪዎች ይኖራሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ በሚቆመው የሸክላ ገበያ ከተማዋ በሰው ትሞላለች።

እነሱም የጀመሩት እንደ እኛ በጽሑፍ ነው። ሀማዳ፣ ሸክላ ሠሪው ካንጂሮ ካዋይና ፈላስፋው ሶኤትሱ ያናጊ እ.ኤ.አ. በ1925 ለተራው ሰው የእጅ ሥራ «ሚንጌይ» የሚል ስም አወጡለት፤ በዓመቱ ሙዚየም ይቋቋም ብለው ዓላማቸውን አሳተሙ፤ በ1936 ሙዚየሙ ቶኪዮ ላይ ተከፈተ።

እኛን ግን ከሁሉ የምትነካን ማሱ ሚናጋዋ ናት (1874–1960)። በማሺኮ የሻይ ማፍያ ላይ ተራራና ውሃ ስትስል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ነበረች። በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማፍያዎች በእጇ ያልፉ ነበር፤ በየቤቱ እሳት ላይ የሚጣዱ ርካሽ ዕቃዎች ነበሩ። የሚንጌይ ሰዎች ዓይናቸውን ከጣሉባት በኋላ ስሟ ከሥራዋ ጋር ተጻፈ። አሁን ማፍያዎቿ ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ። ሻይ የሚያፈላው ሕዝብ የሻይ ማፍያ ሠሪዋን ስም ካወቀ ቡና የሚያፈላው ሕዝብስ?

ከያናጊ ጋር የምንለያይበት ነገር አለ፤ እሱንም በግልጽ እንናገራለን። በኪዮቶ፣ በዳይቶኩጂ ገዳም፣ ኪዛኤሞን የምትባል የሻይ ጽዋ ተቀምጣለች። የጃፓን ሻይ ሊቃውንት ከጽዋዎች ሁሉ አልቀው የሚያዩዋት፣ መንግሥትም ብሔራዊ ሀብት ያላት ጽዋ ናት። የሠራት ግን ስሙ የማይታወቅ ኮሪያዊ ነው፤ ለተራ ሰው ቤት የተሠራች ተራ ዕቃ ነበረች። ያናጊ ይህን አይቶ ስም አልባነትን እንደ በጎነት አመሰገነ፤ ራሱን የማያስብ እጅ ነው ውብ ነገር የሚሠራው አለ። ሀማዳም በዕቃዎቹ ላይ ስሙን መጻፍ ተወ። ሀማዳ ስሙን ባይጽፍም ዓለም ያውቀው ነበር፤ ትሕትናው ምርጫው ነበር። የእኛ ሸክላ ሠሪ ስም አልባ የሆነችው መርጣ አይደለም። ለእሷ ስም ማጣት ቅጣት ነው። ስለዚህ ከጃፓኖች ፍቅራቸውን እንወስዳለን፣ ይህን ትምህርታቸውን ግን እንተወዋለን፦ ከዛሬ ጀምሮ ከኢሉባቦር የምትወጣ እያንዳንዷ ጀበና ከታችዋ የሠሪዋ ምልክት ይቀረጽባት። ምልክቱ መስመርም ይሁን ቅጠል ሠሪዋ ትምረጠው። ቡና የሚያፈላ ቤት ሁሉ ጀበናውን ማን እንደሠራችው ለእንግዳው ይናገር።

መንኮራኩር የለንም ብለው የሚያፍሩ አሉ። በጃፓን ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት የተሠሩት የጆሞን ዕቃዎች፣ ዛሬ የዓለም ሙዚየሞች የሚሻሙባቸው፣ ያለ መንኮራኩር በእጅ ተነሥተው በገላጣ እሳት የተቃጠሉ ናቸው። በሰሜን ቱኒዝያ የሰጅናን ሴቶች አሁንም እንዲሁ ይሠራሉ፤ ዩኔስኮ ሙያቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የቦትስዋና የክጋትለንግ ሴቶች ሸክላ ሥራ አስቸኳይ ጥበቃ የሚያሻው ተብሎ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ መስቀልን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የገዳ ሥርዓትንና ጥምቀትን አስመዝግባለች። የሸክላ ሠሪዎቻችን እጅ ቀጥሎ ይሁን፤ ሰነዱን የማዘጋጀቱን ሥራ መቱ ላይ መጀመር ይቻላል። እጅ በባህሉ ይቀጥል ስንል ግን ድካሙ ሁሉ ይቀጥል ማለታችን አይደለም። ኦንታ በምትባል የጃፓን የተራራ መንደር አሥር ያህል ቤተሰቦች ሸክላ ይሠራሉ፤ አፈሩን የሚወቅጥላቸው ወንዙ ነው። አንድ ጫፉ የተቦረቦረ ግንድ ውሃ ሲሞላ ያዘነብላል፣ ውሃው ሲፈስ ሌላው ጫፍ ወርዶ አፈሩን ይደቁሳል፤ ሌት ተቀን። ነዳጅም መብራትም አይፈልግም። ሶርና ገባ በሚፈሱበት፣ በየሸለቆው ምንጭ በሚፈልቅበት አገር ሴት ልጅ ደረቅ ጭቃ በዘነዘና ስትወቅጥ የምትውልበት ምክንያት የለም። ከሶር የምንፈልገው ፏፏቴውን ለጎብኚ እንዲያሳየን ብቻ አይደለም።

አፈሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ፣ ሳይመለስ የቆየ። ሸክላ ሠሪዋ የምትቆፍረው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ነው፤ ባለይዞታው ሲቆጣ ጉድጓዱ ይዘጋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ከጉድጓዱ ጋር የአንድ ሰፈር ሙያ ይቀበራል። የሸክላ አፈር ጉድጓዶች በካርታ ላይ ይስፈሩ፤ በጋራ ይዞታነትም ለባለሙያዎቹ ይጻፉ። ይህን ማድረግ የወረዳዎችና የቀበሌዎች ሥልጣን ነው፤ ትልቅ በጀትም አይጠይቅም።

ስለ እንጨቱ እውነቱን እንናገር። ሸክላ በእሳት ነው የሚበስለው፤ ደናችን ደግሞ ለሸክላ ሲባል አይቆረጥም። ከቡና ፋብሪካዎቻችን ደጅ የሚከመረው ገለፈት፣ በቡና ጥላ ዛፍ እንክብካቤ ጊዜ የሚወርደው ቅርንጫፍ፣ ይህ ነው የወደፊቱ ማገዶ። በየከተማው ጣራ ያለው፣ ነፋስ የሚከላከል፣ በክረምትም የሚሠራ የጋራ ማቃጠያ እንፈልጋለን። ዘመናዊ ፋብሪካ አላልንም፤ ጣራ ነው ያልነው። ያ ጣራ ሲኖር የክረምቱ ወራት ከሥራ ፈትነት ወደ ሥራ ይመለሳሉ።

መቱ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ አንድ ከባድ ሥራ እንጠይቀዋለን። በገላጣ እሳት የሚበስለው ዕቃችን ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም፤ ለምጣድና ለድስት ይህ በቂ ነው፣ እንዲያውም ይሻላል፣ እሳት ሲመታው አይደነግጥም። ለስኒ ግን አይበቃም። በረከቦታችን ላይ የምንደረድረው ነጭ ስኒ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የራሳችንን ቡና ከራሳችን ጀበና በሰው ስኒ እንጠጣለን። ከ1,200 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ምድጃ፣ ያን ሙቀት የሚታገሥ አፈርና ከእንጨት አመድ የሚሠራ ልባስ ያስፈልጋል። ይህ የኬሚስቱን፣ የጂኦሎጂ ባለሙያውንና የሸክላ ሠሪዋን እውቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይፈልጋል፤ ጠረጴዛው ላይ እሷም የአስተማሪ ክፍያ እየተከፈላት ትቀመጥ። የኢሉባቦር ቡና በኢሉባቦር ስኒ እስኪጠጣ ድረስ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ።

ሸክላ የትናንት ነው ለሚሉን ደግሞ ወደ ማድ ቤታቸው እንጋብዛቸዋለን። በከተማ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገላው ሸክላ ነው፤ ሽቦው የተቀበረው ጭቃ ውስጥ ነው። ከሰል ቆጣቢው «ላቀች» ምድጃ ውስጡ ሸክላ ነው። መብራት በገባ ቁጥር ሸክላ ሠሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። አዲስ ምጣድ የገዛች ሙሽራ ዛሬም በጎመን ዘር እያሸች፣ እሳቱን ቀስ እያደረገች ታሟሸዋለች፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ ካልተጣበቀች እልል ይባላል። ያን ቀን ሸክላ ሠሪዋ ተጠርታ ብትገኝ፣ ከእንጀራዋም ብትቀምስ፣ እንዴት ያለ ደስታ ይሆን ነበር።

በሐሳባችን የምናየው ይህ ነው። ቡና ተለቅሞ ካበቃ በኋላ፣ በበጋው ወር፣ መቱ የሸክላ ገበያ ታቆማለች። ከዲዱና ከበቾ፣ ከአልጌና ከዳሪሙ፣ ከያዮና ከበደሌ ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ አዲስ አበባ ከቀጨኔ፣ ጎንደር ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በእንግድነት ይጠራሉ። ገዢው ምልክቱን አይቶ «የእገሊት ጀበና ናት» እያለ ይመርጣል፤ በዋጋ የሚከራከረውም በአድናቆት ነው። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ጭቃ ያሻሉ፤ የምታስተምራቸው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት፣ ዲፕሎማ ያላት፣ እንደ ማንም መምህርት «እትዬ» የሚሏት። «ኦኮቴ»ና «ኤሌ»፣ ድስትና ምጣድ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ከነአሠራራቸው ተሥለዋል። ጎሬ፣ ድሮ ቡናዋን በጋምቤላ ወደብ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ትልክ የነበረችው ከተማ፣ አሁን ከቡናው ጋር ጀበናውንም ትልካለች፤ ሳጥኑ ላይ የሠሪዋ ስም አለ።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ፤ ሥራችንም ከዚያ ይጀምራል። በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ያሉ እድሮች መዝገባቸውን ለሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ይክፈቱ፤ በሙሉ አባልነት፣ በሙሉ ቀባሪነት፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ አድርገው ሳይሆን ዳኛና ጸሐፊ ሆነው ለመመረጥ መብት ሰጥተው። የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች በጋብቻ መሀል የቆመውን አጥር በየመድረኩ ያውግዙ፤ ልጆቻቸውንም በመዳር ያፍርሱት። ርእሳነ መምህራን በሙያ የሚሰድብን ተማሪ ዝም ብለው አይለፉ። ይህን ማኒፌስቶ ይዘን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ እድር ዳኞች ነው፤ ከፊርማቸው በኋላ ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያ ወደ ወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው። ቅደም ተከተሉን አስበንበታል። ጣራው፣ ምድጃውና የወንዙ መዶሻ በደንብ የሚሠሩት አብረው መብላት በጀመሩ ሰዎች መካከል ነውና።